ከዕቃ ማራገፊያ ወደ ሥራ አዳራሽ፤ ስለ ፓሪሱ የፍሬይሲኔ ሕንፃ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በክፍላችን በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ጓደኛችን፣ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ከሚፈርስ ይልቅ ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚሠሩበት አዳራሽ ቢሆን እንደሚሻል ሲያስረዳ፣ በምሳሌነት ያቀረበው በፓሪስ ከተማ የሚገኘውን «ስታሲዮን ኤፍ» የሚባለውን ሕንፃ ነበር። ንግግሩ በብዙዎቻችን ዘንድ ተወደደ፤ እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርሁ። በኋላ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሕንፃውን ፕላንና ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ስለ ታሪኩ የተጻፈውን ስመረምር ጭብጨባዬ የቸኮለ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ማለቴ ሥራው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም በአንዳንድ በኩል እጅግ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ጓደኛችን ያደነቀው አንዱን ነገር ሲሆን ለማድነቅ የሚገባው ሌላው ነው፤ ሳይነቅፍ ያለፈውም ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊያከራክረን የሚገባው ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ሕንፃው የተሠራው ከ1927 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ነው። ቦታው በፓሪስ 13ኛው ወረዳ ከኦስተርሊትስ ባቡር ጣቢያ ሐዲዶች አጠገብ ሲሆን፣ ተግባሩም በምድር ባቡር የሚመጣውንና የሚላከውን ጥቅል ዕቃ መቀበል፣ መለየት፣ ከባቡር ወደ ጋሪና ወደ ካሚዮን ማስተላለፍ ነበር። መንገደኛ የሚሳፈርበት ጣቢያ አልነበረም። ይህ ነጥብ ኋላ ስለሚያስፈልገን ከወዲሁ ቢያዝ መልካም ነው። ርዝመቱ 310 ሜትር፣ ስፋቱ 58 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰው በመደበኛ እርምጃ ከአንደኛው ጫፍ ተነሥቶ ከሌላው ለመድረስ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በውስጡ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሦስት ረጃጅም ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም የቀስት ቅርጽ ባለው ስስ የአርማታ ጣሪያ ተሸፍኗል። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጫጭኖች ከመሆናቸው የተነሣ፣ ፎቶግራፉን መጀመሪያ ያየ ሰው አርማታ ሳይሆን ብረት ሳይመስለው አይቀርም።

የሕንፃው መሐንዲስ ሙሴ ኤዠን ፍሬይሲኔ ናቸው። እኒህ ሰው በ1879 ተወልደው በ1962 የሞቱ ሲሆን፣ በአርማታ ሥራ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሳይነሣ የሚታለፍ ሰው አይደሉም። በኦርሊ የተሠሩትን ግዙፍ የአየር መርከብ ማደሪያዎችና በ1930 የተመረቀውን የፕሉጋስቴልን ድልድይ የሠሩ እርሳቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ከስሕተት የተማሩት ትምህርት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአልዬ ወንዝ ላይ በለ ቨርድር የሠሩት ድልድይ ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ታች መጉበጥ ጀመረ። በጊዜው የነበረው ትምህርት አርማታ አንዴ ከደረቀ በኋላ ሸክም ቢበዛበትም ባይበዛበትም ቅርጹን ጠብቆ ይኖራል የሚል ነበር። ድልድዩ ግን በየወሩ ዝቅ ይል ነበር። እርሳቸውም የድልድዩን ቀስቶች በክሪክ ወደ ላይ ገፍተው አዳኑት። ከዚህ የተረዱት ነገር፣ አርማታ ሸክም ተሸክሞ ብዙ ሲቆይ በዝግታ የሚኮማተር መሆኑን ነው። ለብዙ ዓመታት ሲያስቡበት ከቆዩ በኋላ በ1928 አስቀድሞ ስለሚወጠር አርማታ የፈጠራ መብት አወጡ።

ይህ ዘዴ ምን እንደ ሆነ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ለሌሎቻችን ግን አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዐሥር መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ፣ በሁለት እጅ ከግራና ከቀኝ አጥብቆ የጨመቃቸው ሰው ሁሉንም እንደ አንድ ዕንጨት አድርጎ ያነሣቸዋል፤ ጭመቃው የላላ እንደ ሆነ መካከለኞቹ ይወድቃሉ። አርማታም መጨመቅን ይችላል፤ መሳብን አይችልም። ስለዚህ በውስጡ ያለው የብረት ገመድ አስቀድሞ በኃይል ተወጥሮ አርማታውን ከጨመቀው፣ ኋላ ሸክም ሲመጣበት የሚሰነጠቅበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ስለሚቀንስም ቀጭን አድርጎ መሥራት ይቻላል። የፓሪሱ አዳራሽ ታዛዎች ይህ ዘዴ ከተፈተነባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። በታዛው ሥር ቆመው ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩት ሰዎች ከራሳቸው በላይ የተዘረጋው ነገር በመላው ዓለም የድልድይ አሠራርን የሚለውጥ ሐሳብ መሆኑን ያውቁ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ። ዝናብ አያስገባም፤ ለእነርሱ ይህ በቂ ነበር።

እንዲህ ያለው ሕንፃ ሥራው ቢቀርበት አያስገርምም። የዕቃ ማመላለሱ ሥራ ከሐዲድ ወደ መኪና መንገድ ሲዛወር፣ የፈረንሳይ ምድር ባቡር የዕቃ መላኪያ ክፍል የነበረው ሴርናም እስከ 2006 ድረስ ቆይቶ ለቀቀ። በዙሪያው ያለው አሮጌ የባቡር መሬትም አስቀድሞ አዲስ ሰፈር እንዲሆን ተወስኖ ነበርና ሕንፃው ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። ተከራካሪዎች ደረሱለትና በ2012 በታሪካዊ ሐውልትነት ተመዘገበ። ቀጥሎ በቴሌፎንና በኢንተርኔት ሥራ የበለጸጉት ባለሀብት ሙሴ ዣቪዬ ኒዬል ገዙት። አርክቴክቱ ዣን ሚሼል ቪልሞት አደሱት። 250 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ወጣበት፤ በሰኔ 29 ቀን 2017 ተመረቀ። ዛሬ 34,000 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ወለል ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ የሥራ ጠረጴዛዎች፣ 370 ሰው የሚይዝ አዳራሽና ብዙ የስብሰባ ክፍሎች ይገኙበታል። ተከራዮቹ በአብዛኛው ገና የተቋቋሙ፣ በኮምፒዩተር ጥበብ የሚተዳደሩ ትናንሽ ኩባንያዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሂሱ እንመለስ። ጓደኛችን ያደነቀው የገንዘቡን ብዛትና የጠረጴዛውን ቁጥር ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። የአርክቴክቱ ትልቅ ብልኀት ባልሠሩት ነገር ላይ ይታያል። 310 ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ አዳራሽ የተሰጠው ሰው የሚፈተነው ለመከፋፈል ነው፤ ግድግዳ አቁሞ፣ ፎቅ ደርቦ፣ ኮርኒስ ዘርግቶ ክፍል ቢያበዛ ኪራዩም ይበዛ ነበር። እርሳቸው ግን አዲሱን ነገር ሁሉ በአሮጌው ሥር እንደ ተቀመጠ ዕቃ አድርገው ሠሩት። ጠረጴዛዎቹ የተደረደሩበት መደብ በሁለቱ ጎን ክፍሎች ውስጥ ይገኛል፤ የስብሰባ ክፍሎቹ እንደ ሳጥን ተለይተው ይታያሉ፤ መካከለኛው ክፍል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለዓይን ክፍት ነው። የፍሬይሲኔ ቀስቶች ተጠርገው ታድሰው በሙሉ ይታያሉ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ይህ የጠረጴዛ ንግድ ቢከስር ሳጥኖቹ ወጥተው ሕንፃው እንደ ነበረ ሊገኝ ይችላል። አሮጌ ሕንፃ ሲታደስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህ ነው እላለሁ፤ ማለትም አዲሱ ነገር ሲወጣ አሮጌው ምን ያህል ቍስል ይቀርበታል? በዚህ በኩል የቪልሞት ሥራ ያለ ማመንታት ሊመሰገን ይገባል።

ብርሃኑም እንዲሁ ነው። ዕቃ የሚለይ ሠራተኛ በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ማንበብ ነበረበትና መሐንዲሱ ብርሃኑን ከላይ አስገቡለት። ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው ወጣት የሚጠቀመው በዚያው ብርሃን ነው። ሁለቱም የሚያነቡ ሰዎች ስለሆኑ ሕንፃው ለሁለቱም ተስማማ። (ዳሩ ግን የመስኮት ፀሓይ በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል በቤተ መጻሕፍታችን ምዕራባዊ ጎን የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።)

የሚያከራክረው ነገር የሚጀምረው ከስሙ ነው። ይህን ዓይነት ቦታ በአማርኛ ምን እንበለው? ጓደኛችን «የጋራ መሥሪያ ቦታ» ብሎታል፤ እኔም ለጊዜው ሌላ አላገኘሁም። ነገር ግን «የጋራ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ምንጭ ስንል፣ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ሌላውን ሊያስወጣው የማይችልበት ነገር ማለታችን ነው። ማኅበር ስንልም ጽዋው በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ዛሬ እንግዳ የሆነው በሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። በስታሲዮን ኤፍ ግን ደጋሹ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሌላው በማመልከቻ ተመርጦ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ መታወቂያውን በበር አሳይቶ የሚገባ ተከራይ ነው። ተከራይ መሆን ነውር የለበትም። ሕንፃው ሲከፈት ለአንድ ጠረጴዛ በወር ይጠየቅ የነበረው 195 ዩሮ ነው፤ ይህም ለፓሪስ ከተማ ውድ የሚባል አልነበረም። ዕድል ላልገጠማቸው ወጣቶችም ያለ ክፍያ የሚገቡበት ፕሮግራም ተቋቁሟል። እነዚህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብቻ ነገሩን በስሙ ብንጠራው ደግ ነው፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ሠሩ ጣሪያው የጋራ አይሆንም።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዙ ሃያስያን የሄዱበትን መንገድ ልሄድ ቃጥቶኝ ነበር፤ ይኸውም «የሕዝብ የነበረ ቦታ ለባለጸጋ ተሰጠ» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ክስ ከፊቱ የሚቆም ማስረጃ የለውም። ከላይ እንዳመለከትሁት ይህ አዳራሽ መንገደኛ የሚመላለስበት ጣቢያ አልነበረም። በመጋዘንነቱ ዘመንም ቢሆን ሥራ የሌለው ሰው ገብቶ የሚንሸራሸርበት አልነበረም። እንዲያውም በ2018 በአንደኛው ጫፍ የተከፈተው ትልቅ ምግብ ቤት ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሰው በፍሬይሲኔ ቀስቶች ሥር ቁጭ ብሎ ለመብላት በቅቷል፤ ይህ በ1929 የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቷል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት የጠፋው ማለፍ ነው። ሕንፃው 310 ሜትር የረዘመው ለውበት አይደለም፤ ባቡር ረጅም ስለሆነ ነው። ሁለቱ ጎኖቹ በታዛ የተከበቡት ዕቃ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው። ሁሉም ነገር የተለካው ለሚያልፍ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቆይ ዕቃ የተበላሸ ዕቃ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር የተለካው ለሚቀመጥ ሰው ነው። አርክቴክቱ መካከለኛውን ክፍል ክፍት በማድረጋቸው ለዓይን ማለፊያ ተረፈ፤ ለእግር ግን አልተረፈም፤ እዚያ የሚመላለሰው መታወቂያ ያለው ብቻ ነውና። አንድ የከተማ ቦታ 310 ሜትር ሙሉ ለማያውቁት ሰው ጎኑን ሲሰጥ፣ ያ ሰው ዙሪያውን ይሄዳል። አዲሱ ሰፈር ገና ራሱን እየገነባ ሳለ እንዲህ ያለው ረጅም ጎን ግድግዳው መስታወት ቢሆንም እንኳ ግድግዳነቱ አይቀርም።

በምርቃቱ ዕለት የተነገረውን ቃል እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይሆናል። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን በዚያ አዳራሽ ለተሰበሰቡት ሲናገሩ፣ ጣቢያ ማለት የተሳካላቸው ሰዎችና ምንም ያልሆኑ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ ነው አሉ። «ምንም ያልሆኑ» የሚለው ቃል በአገራቸው ብዙ ቍጣ አስነሣ፤ ዛሬም ድረስ ይነሣባቸዋል። ቍጣውን እረዳዋለሁ፤ ሰውን ከምንም የሚቆጥር ንግግር ከማንም አፍ ቢወጣ አያምርም። ለሂሳችን የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው ያልደገመው ቀጣዩ ሐረግ ነው። ፕሬዚዳንቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ጣቢያ የሚታለፍበትና የጋራ የሆነ ቦታ ስለሆነ ነው ብለው ነበር። ስለ ጣቢያ የተናገሩት ትክክል ነው። የተናገሩበት ሕንፃ ግን በዚያ ቀን መታለፊያነቱ አብቅቶ ነበር። ስሙ ስታሲዮን እንደ ሆነ ቀረ፤ ግብሩ ተለወጠ። እኔ ከመጀመሪያው ሐረግ ይልቅ ይህ አለመገጣጠም የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ንግግር ይረሳል፤ ሕንፃ ግን ለብዙ ዘመን ይቆማል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የመሐንዲሱ ስም ይታወሳል፤ ኤፍ የምትለዋ ፊደል ራስዋ ታስታውሳቸዋለች። ሕንፃው ሲከፈት የአሜሪካዊው የጄፍ ኩንስ ግዙፍ ቅርጽ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ባለቀለም ሊጥ ክምር የሚመስለው፣ በመካከሉ ቆሞ ነበር። ሰባ ሰባት ዓመት ያህል በዚያ ወለል ላይ ጥቅል የተሸከሙት ኩሊዎችና ጋሪ ገፊዎች ግን በተመለከትኋቸው ሥዕሎች ውስጥ አንድ ምልክት የላቸውም። ይህን የምለው ለልቅሶ ያህል አይደለም። አሮጌ የሥራ ቤት አዲስ ሥራ ሲገባበት ቀደምቱን ሥራ ቢያሳይ፣ አዲሱ ሠራተኛ በማን ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ያውቃል። አንድ የዕቃ ሚዛን፣ አንድ የእጅ ጋሪ፣ ጥቂት ሜትር ሐዲድ ቢቀር ኖሮ ከኩንስ ሊጥ ያነሰ ወጪ በቂ ነበር።

ይህ ሊሆን የማይችል ምኞት አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ሌላ ሥራ ላንሣ። በብራዚል፣ በሳን ፓውሎ ከተማ፣ በፖምፔያ ሰፈር የብረት በርሜል ይሠራ የነበረ አሮጌ ፋብሪካ አለ። የንግድ ሠራተኞች ማኅበራዊ አገልግሎት የሆነው ሴስክ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ በኢጣልያ ተወልደው በብራዚል የኖሩት አርክቴክት ወይዘሮ ሊና ቦ ባርዲ ከ1977 ጀምረው ሠሩት፤ በ1982 ተከፈተ፤ የስፖርት ሕንፃዎቹም በ1986 ተጨመሩ። ወይዘሮ ሊና ፋብሪካውን ሊያዩ በሄዱ ጊዜ በአንድ ቅዳሜ ቀን ያገኙት ልጆች ሲሯሯጡ፣ እናቶች ምግብ ሲያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ ሥራቸው ይህ እንዳይቋረጥ ማድረግ መሆኑን ወሰኑ። በግንቦቹ መካከል ያለውን የፋብሪካ መንገድ እንደ መንገድ ተዉት፤ ከከተማው መንገድ የመጣ ሰው በዚያው ይገባል። በዳስ መሰል ግቢዎች ውስጥ የሸክላ፣ የዕንጨትና የሽመና መሥሪያዎች አሉ፤ እነዚህም በእውነት ብዙ ሰው አብሮ የሚሠራባቸው ናቸው። በርግጥ የፖምፔያው ፋብሪካ የሚተዳደረው ከደመወዝ መዝገብ በሚሰበሰብ መዋጮ ነው፤ የፓሪሱ ግን ኪራይ መሰብሰብ አለበት። ልዩነቱን የፈጠረው የአርክቴክቶቹ ልብ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ቢሆንም የፖምፔያን መንገድ ፕላን ከፓሪሱ መካከለኛ ክፍል ጎን አስቀምጦ ያየ ሰው፣ ሁለቱም ረጅምና ቀጥ ያሉ መንገዶች ሲሆኑ አንደኛው በር ያለው ሌላው በር የሌለው መሆኑን ይመለከታል።

አንባቢ ምናልባት ይህ ሁሉ የፓሪስ ጭቅጭቅ ለእኛ ምን ያደርግልናል ይል ይሆናል። መልሱ በእግር የሚደረስበት ነው። የአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያ ሕንፃ የተሠራው የፓሪሱ አዳራሽ ባለቀበት በ1929 ነው፤ የሠራውም የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ነበር። «ለገሃር» የምንለው የሰፈር ስም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወረሰ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። አሮጌው መስመር ቆሞ፣ አዲሱም በ2016 ተመርቆ ጣቢያዎቹን ከከተማው መካከል አርቆ ከሠራ ወዲህ፣ አሮጌው ጣቢያ ባቡር አይመጣበትም። በዙሪያው ትልቅ አዲስ ሰፈር ለመሥራት የተደረገውም ስምምነት በ2018 ይፋ ሆኗል። ድሬዳዋ ያሉት የምድር ባቡር ወርክሾፖችም የወፍጮ፣ የቶርኖና የብየዳ መሣሪያዎቻቸውን እንደ ያዙ የቆዩ ናቸው። ስለ እነዚህ ቤቶች ዕጣ ሲነገር ደግሞ የፓሪሱ ምሳሌ፣ ጓደኛችን እንዳደረገው፣ መጀመሪያ የሚጠቀስ ይሆናል።

እንግዲህ ምሳሌው ከተጠቀሰ በሙሉ ይጠቀስ። ከቪልሞት የምንወስደው አለ፤ አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን በሥሩ ማስቀመጥ፣ ቀስቱን ከኮርኒስ ማዳን፣ ከላይ የሚመጣውን ብርሃን አለመዝጋት። የማንወስደው ደግሞ በሩ ነው። ለገሃር ከፓሪሱ አዳራሽ የሚለየው በዚህ ነው፤ እርሱ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰው የተላለፈበት ጣቢያ ነበር። ከድሬዳዋ የመጣው ነጋዴ፣ ሸኚው፣ ተቀባዩ፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ቆሎ ሻጯ ሁሉ በአንድ ደጅ ወጥተው ገብተዋል። በፓሪሱ ላይ ሊቀርብ የማይችለው ክስ በለገሃር ላይ በሚገባ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ለወጣት ሠራተኞች ጠረጴዛ የሚከራይበት አዳራሽ በዚያ ቢሠራ አልቃወምም፤ የሥራ ቦታ ያጣ ስንት ተማሪ እንዳለ እኛው እናውቃለን። የምጠይቀው ጠረጴዛዎቹ በጎን ባሉት የዕቃ ቤቶች እንዲሆኑና፣ ከአደባባዩ ወደ መሳፈሪያው የሚያስገባው መካከለኛ መተላለፊያ ከንጋት እስከ ምሽት ያለ መታወቂያ እንዲታለፍበት ነው። መሳፈሪያው ላይ ያለው ታዛም ባለበት ይቆይ፤ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለልበት አይጠፋም።